«እማዬ፣ ዛሬ ድምፅ ተርፎሻል?»፦ ለድምፅ ሕክምና ባለሙያዬ ምስጋና፣ ለመምህራን ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሦስት ወር ጠበቅሁ። በደስታ ተቻኩዬ ያልሆነውን እንዳልናገር፣ ድምፄ መመለሱን ብቻ ሳይሆን ተመልሶ መቆየቱንም ማየት ፈለግሁ። ቆይቷል። አሁን በሙሉ ልቤ ማመስገን እችላለሁ።

የቋንቋ መምህርት ነኝ። አማርኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ አዋቂዎች አማርኛ አስተምራለሁ። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ፤ ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ቃል መያዝ እየጀመረ ነው። በእኔ ሥራ መጽሐፉ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል፣ ሰሌዳው ቢበላሽ በወረቀት ይሠራል፤ ድምፅ ሲጠፋ ግን ትምህርቱ አብሮ ይቆማል። «ጠረጴዛ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ከእኔ አፍ መስማት አለበት፣ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን አሥር ጊዜ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ እና ጸ በብዙ ቋንቋዎች ውስጥ የሉም፤ ተማሪዎቼ «ጠ»ን «ተ» እያደረጉ ሲቸገሩ እኔ ደግሞ ልዩነቱ እንዲሰማቸው ድምፁን አጋንኜ፣ ከጉሮሮዬ ገፍቼ አወጣዋለሁ። ለዓመታት እንዲህ ሠራሁ። ማታ የቤት ሥራ ሳርም የጉሮሮዬን ድርቀት እንደ ሥራዬ አካል ቆጠርሁት።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ድምፄ መጎርነን ጀመረ። ጠዋት ደህና ይሆንና ከሰዓት በኋላ ይሻክራል፤ ማታ ይዘጋል። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልሁ። ቀጥሎ አቧራ ነው አልሁ። አንድ ሰው ጉሮሮዬን በቅጡ ሳያይ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ዋጥሁት፣ ለውጥ አልነበረም። አንዲት ባልደረባዬ በቅን ልብ «ድምፅሽን አሳርፊው፣ እያንሾካሾክሽ አስተምሪ» ስትለኝ ያንንም ሞከርሁ። እንዲያውም ባሰብኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከሁሉ በላይ የጎዳኝ ክፍል ውስጥ የሆነው አይደለም። ልጄ ማታ ማታ ተረት እንዳነብላት የለመደች ናት። መጽሐፉን ይዛ ትመጣለች፣ ከጎኔ ትገባለች፣ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው ትፈልጋለች። አንድ ማታ መጽሐፉን ከኋላዋ ደብቃ በሩ ላይ ቆመችና «እማዬ፣ ዛሬ ድምፅ ተርፎሻል?» አለችኝ። አልተረፈኝም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። አላለቀሰችም፤ መጽሐፉን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳትጠይቀኝ ተኛች። ቀኑን ሙሉ ለማላውቃቸው አዋቂዎች «ጠረጴዛ፣ ጨረቃ፣ ቀለበት» እያልሁ ውዬ ለልጄ አንድ ገጽ የሚሆን ድምፅ አጥቼ ነበር። በማግስቱ ቀጠሮ ያዝሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ መምህራን ይህን ደረጃ ዘለው ስለሚያልፉ። የድምፅ መሻከር ከአራት ሳምንት ካለፈ በጉሮሮ መመልከቻ መታየት አለበት፤ መንስኤው ከድካም የከበደ ሊሆን ስለሚችል በግምት የሚታለፍ አይደለም። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ የድምፅ አውታሮቼን አሳየኝ። በሁለቱ አውታሮች ላይ፣ ሲርገበገቡ አብዝተው በሚጋጩበት ቦታ፣ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ትንንሽ እባጮች ነበሩ። «መዳፍ ላይ የሚወጣ መጅ እንደማለት ነው» አለኝ። ሲነኩት ያልኖረ መዳፍ መጅ አያወጣም። የሴት ድምፅ አውታሮች በተራ ንግግር ጊዜ በአንድ ሰከንድ ወደ 200 ጊዜ ይጋጫሉ፤ ያንን በቀን ውስጥ በምናገርባቸው ሰዓቶች ሳበዛው የቁጥሩ ትልቅነት አስደነገጠኝ። ቀዶ ሕክምና ይሆናል ብዬ ስፈራ ሐኪሙ የመጀመሪያው ሕክምና የድምፅ ልምምድ መሆኑን ነግሮኝ ወደ ድምፅና ንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ላከኝ።

ስለ እርሷ ነው መጻፍ የፈለግሁት።

በመጀመሪያው ቀን ጉሮሮዬን እንድታይ አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። እርሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና «መምህር፣ መጀመሪያ ቀንዎን ይንገሩኝ» አለችኝ። ከምነሳበት እስከምተኛበት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ጫጫታ ውስጥ እንደምናገር ጠየቀችኝ። ከዚያም ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ እንድመዘግብ ደብተር ሰጠችኝ። እኔ ጥፋቱ ሁሉ የክፍሉ ነው ብዬ ነበር። ደብተሩ ሌላ ነገር ተናገረ። ከክፍል ወጥቼ ልጆቹ እስኪተኙ ባሉት ሰዓቶች ውስጥ ያለማቋረጥ እጮህ ነበር፦ ከማድ ቤት ወደ መኝታ ክፍል፣ በቧንቧው ውኃ ላይ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ፣ በትንሹ ልጅ ለቅሶ ላይ። በቁጣ አልነበረም፤ «ጫማሽን አድርጊ»፣ «እጅህን ታጠብ» ለማለት ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳችኝም እርሷ ናት። ኤቴን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 እንደገለጸው፣ ሰው በጫጫታ መካከል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ «ቀስ ብለሽ ተናገሪ» ብሎ መምከር ብቻውን አይጠቅምም፤ ጫጫታውን መቀነስ ወይም ወደ ሰሚው መጠጋት ያስፈልጋል። በቤታችን ይህ ሕግ ሆነ፦ መናገር የፈለገ ሰው ወደሚያናግረው ሰው ይሄዳል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት ረስቶ ከሳሎን ሲጣራ ልጄ ሮጣ ሄዳ «አባዬ፣ መጥተህ ንገራት» አለችው። ሕጉን ከሁላችንም በላይ የጠበቀችው እርሷ ናት።

ቀጥሎ ወደ ክፍሌ ገባን። ባለሙያዋ እንዴት እንደማስተምር አሳዪኝ ስትለኝ «ጠ» እና «ቀ»ን እንደልማዴ ገፍቼ አሳየኋት። እጇን አንገቴ ላይ አድርጋ እንደገና እንድለው ጠየቀችኝ፤ የአንገቴ ጡንቻዎች እንደ ገመድ መወጠራቸውን በራሴ እጅ እንድነካ አደረገችኝ። እነዚህ ድምፆች ሲወጡ ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ እንደሚነሣ በትምህርቴ አውቅ ነበር። ለሃያ ዓመት የማስተምረውን ነገር በገዛ አንገቴ ላይ ግን ነክቼው አላውቅም። ድምፁ ጥራት እንጂ ጉልበት እንደማያስፈልገው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አሁን «ጠ»ን በዝቅታ እላለሁ፤ ተማሪው ደግሞ መዳፉን ከአፉ ፊት አድርጎ የ«ተ» እና የ«ጠ»ን ትንፋሽ ልዩነት በቆዳው ይለያል። በጩኸት ካስተማርሁት በተሻለ ይገባዋል።

ለመጥበቅና ለመላላትም ምልክት አገኘን። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀው ፊደል ከሚላላው አይለይም፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ይሆናል። ይህን ለማስረዳት ድሮ «አለ! አልለ!» እያልሁ እጮህ ነበር። አሁን ሲጠብቅ ጣቶቼን እጨብጣለሁ፣ ሲላላ እከፍታለሁ። ሰባቱን የፊደል ቤቶችም በእጄ አሳያለሁ፤ እኔ ዝም እላለሁ፣ ክፍሉ በሙሉ ይናገራል። በዚህ ያገኘሁትን ጥቅም እንደ መምህርት ልመስክር፦ እኔ ባነስሁ ቁጥር ተማሪዎቼ በዙ። አንድ ሰዓት ሙሉ አፋቸውን የማይከፍቱ የነበሩ ሁለት ሰዎች አሁን ይናገራሉ። ምሳሌ የሚሆኑ ቃላትን አንድ ጊዜ በረጋ ድምፅ ቀርጬ ስላስቀመጥሁ ቤታቸውም ሄደው ይሰሙታል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ጀርባዬን ሰጥቼ መናገርም ትቻለሁ።

ስለ ልምምዱ ደግሞ ይህን እነግራችኋለሁ። ቀጭን ቧንቧ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አስገብቶ አረፋ እያስነሡ «ኡ…» ማለት ነው ዋናው። አፍ በከፊል ሲዘጋ ከፊት የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹን ይደግፋቸዋል፣ ግጭታቸውም ይለዝባል፤ ኢንጎ ቲትሴ የተባለው የድምፅ ሳይንቲስት ይህን ዓይነት ልምምድ ካስተዋወቁት መካከል ነው። እኔ በቀን አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ደቂቃ እሠራ ነበር። ያሰለቻል። በሦስተኛው ሳምንት ልተወው ነበር። ልጄ ግን የራሷን ብርጭቆ ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ትንሹም አረፋውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ በኋላ ያለ እነርሱ ሠርቼ አላውቅም። ጉሮሮ መጥረግን ትቼ ውኃ መጎንጨት ተማርሁ። የማንሾካሾኩም ምክር ለምን እንዳባሰብኝ ገባኝ፤ ብዙ ሰው ሲያንሾካሽክ ጉሮሮውን ይበልጥ ይወጥራል እንጂ አያሳርፈውም።

ተስፋ በቆረጥሁበት በዚያው ሳምንት ባለሙያዋ የነገረችኝን ታሪክ አልረሳውም። የሕያው ሰው የድምፅ አውታር ሲሠራ በመስተዋት ያየውና ያየውን ለዓለም ያስረዳው ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዘፈን መምህር ነበር። ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1854 በትንሽ የጥርስ ሐኪም መስተዋትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን ጉሮሮ ተመለከተ፤ በ101 ዓመቱ እስኪሞትም ድረስ የድምፅ ሰው ሆኖ ኖረ። «መምህር ነው ያገኘው» አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች ገባኝና ወደ ብርጭቆዬ ተመለስሁ።

ስምንት ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኘን። በመጀመሪያው ቀን ድምፄን ቀርጻ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ሁለቱን አከታትላ አሰማችኝ። የመጀመሪያዋን ሴት አዘንሁላት። ሐኪሙ እንደገና ሲያየኝ አንዱ እባጭ ጠፍቶ ሌላው አንሶ ነበር። ባለሙያዋም «ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግዎትም፣ ልምምዱን ብቻ አይተዉ» ብላ አሰናበተችኝ። ሥራ ይብዛልኝ ብላ ቀጠሮ ልታራዝምብኝ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

ለእውነት ስል ደካማውንም ልናገር። ወረፋዋ ረጅም ነው፤ እኔ ሰባት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ጥብቅ ናት፣ ደብተሩን ሳልሞላ የሄድሁ ቀን አላስተናገደችኝም ማለት ይቻላል። በአንድ ቀን የሚድን ነገር የሚፈልግ ሰው አይወዳትም።

በዚህ ችግር ውስጥ ያለነው ደግሞ ጥቂቶች አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለት የአሜሪካ ግዛቶች የተደረገ ጥናት በታተመ ጊዜ፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ የድምፅ ችግር ገጥሞናል ያሉት መምህራን ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ ከሌላው ሥራ ሰዎች ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ከክፍል ስትወጡ ድምፃችሁ ከተዘጋ፣ ማታ ለቤተሰባችሁ ዝም የምትሉት ስለደከማችሁ ብቻ ሳይሆን መናገር ስላቃታችሁ ከሆነ፣ ቆይ ይለፈኝ አትበሉ። ሐኪም ጉሮሯችሁን ሳያይ ልምምድ የሚያስጀምራችሁን ሰው ተጠራጠሩ። የቤታችሁን ኑሮ ሳይጠይቅ ስለ ክፍላችሁ ብቻ የሚያወራውንም እንዲሁ፤ አንድ ጉሮሮ ነው ያለን፣ ለሁለቱም ቦታ።

እኅቴ፣ ስምሽን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቀሽኛልና አልጽፍም። ይህን እንደምታነቢው ግን አውቃለሁ። «አመሰግናለሁ» ብዬ በወጣሁበት ቀን ሌላ ታካሚ በሩ ላይ ስለነበር የልቤን አልነገርሁሽም። ትናንት ማታ ልጄ መጽሐፉን ከኋላዋ ሳትደብቅ መጣች፤ ሳትጠይቅ ከጎኔ ገባች። ጅቡን በወፍራም ድምፅ፣ ጥንቸሏን በቀጭን ድምፅ አነበብሁላት። ገጹ ሲያልቅ «ድገሚው» አለችኝ፣ ደገምሁት።

እርሷን ለማግኘት የምትፈልጉ መምህራን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ስለጠየቅሁ አድራሻዋን እልክላችኋለሁ።