ከውጭ ለተመለሱ ልጆች አስጠኚ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው የልጆቼን አስጠኚ ለማመስገን ነው። ከውጭ ጠቅልላችሁ የገባችሁ፣ ወይም ለመግባት እያሰባችሁ «ልጆቹስ በትምህርቱ እንዴት ይሆኑ ይሆን?» የምትሉ ወላጆች ካላችሁ ይጠቅማችኋል። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች «መምህሯ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጆቻችን አማርኛ ይናገራሉ። ዘመድ ሁሉ ሲሰማቸው ተደንቋል። ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። ትልቋ ልጄ ሒሳብ ትወዳለች፤ «ክፍልፋይ» የሚባለውን ቃል ግን ከማን ትስማው? እቤት «ውሃ ስጪኝ»፣ «ጫማሽን አውልቂ» እንጂ «የክፍልፋዮቹን ድምር ፈልጊ» የሚል ሰው የለም። በመግቢያ ፈተናው ወደቀች። ትምህርት ቤቱም አንድ ክፍል ዝቅ አድርጎ ሊመዘግባት ወሰነ።

መምህሯን በሰው በሰው ያገኘናት ያኔ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችን የድሮ ደብተሮቻቸውንና የትምህርት ማስረጃቸውን ነው። ደብተሮቹን አገላብጣ «ይቺ ልጅ ሒሳብ አልጎደላትም፤ የጎደሏት ቃላት ናቸው» አለችን። ትምህርት ቤቱን ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን የነገረችንም እሷ ናት፦ ያንኑ ፈተና በምታውቀው ቋንቋ ስጧትና እዩ። ጥያቄዎቹን ራሷ ተርጉማ አዘጋጀች። ርዕሰ መምህሩ፣ ምስጋና ይድረሳቸውና፣ እሺ አሉ። ልጄም በዕድሜዋ ክፍል ገባች።

ለእኛ ለወላጆቹም ትምህርት ነበር። ጂም ከሚንስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 የመግባቢያ ቋንቋንና የትምህርት ቋንቋን ለይቶ እንዳስቀመጠ የሰማሁት ከእሷ ነው። በካናዳ የስደተኛ ልጆች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ልጆቹ ለመግባባት 2 ዓመት ገደማ ሲበቃቸው፣ በትምህርቱ ከእኩዮቻቸው ጋር ለመስተካከል ግን ቢያንስ 5 ዓመት ይፈጅባቸው ነበር። የኛዎቹ መነሻ ስለሚለይ ቁጥሩን እንዳለ አልወሰድኩትም። ግን ይህን ከሰማሁ በኋላ «ይኸው ቁጭ ብለሽ ታወሪ የለ፣ ማንበቡ እንዴት ያቅትሻል?» ማለቴን ተውኩ።

ትንሹ ፊደል ጭራሽ አያውቅም ነበር። 231ዱን በቃል ከማስጮህ ይልቅ ከስሙ ፊደላት ጀመረችለት። ቀጥሎ ቅጥያዎቹን እንደ መርማሪ እንዲፈልግ አደረገችው። ቡ፣ ሉ፣ ኩ ጎናቸው ላይ ምን አላቸው? ቢ፣ ሊ፣ ኪስ እግራቸው ላይ? ሩ እና ፉን «አመጸኞቹ» ብለው ለብቻ መዘገቧቸው። ልጁ አሁን መንገድ ላይ የሚያየውን ማስታወቂያ ሁሉ ያነባል፤ ትንሽ ዝም ቢል ደስ ባለን። የለመደውን ቋንቋ ደግሞ እንዲተው አልፈቀደችም። ከዚያኛው መጽሐፍ አንድ ገጽ ያነብና ታሪኩን በአማርኛ ይተርክላታል።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ግን ለትልቋ ዝምታ ነው። ዘመዶቻችን በሄድንበት ሁሉ «እስቲ አንድ ነገር በይ» እያሉ በአነጋገሯ ይስቁ ነበር። ክፋት የለበትም፤ እንደ መውደድ ነው። ልጅቷ ግን ቀስ በቀስ አፏን ዘጋች። ክፍል ውስጥም ብታውቅ እጇን አታወጣም። መምህሯ ቶሎ ነቃች። «በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን የሚሰማት ሳቁ ነው» አለችን። ቤተሰቡን እንድናነጋግርም ጠየቀችን። ለእማዬ ይህን መንገር ቀላል አልነበረም፤ ግን ገባት። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሌላው ሊስቅ ሲል የምትቆጣው እሷ ሆነች። መምህሯ በበኩሏ ልጄን ሳታርም ታስወራት ነበር፤ ስህተቱን ትጽፍና ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስቱን ብቻ ታነሳለች። ልጄ ባለፈው ሰሞን ክፍል ፊት ቆማ ስለ ትነት አስረድታ መጣች።

ለሁሉም ሰው ትሆናለች አልልም። ቀጠሮ ላይ ድርቅ ያለች ናት፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ከቀራችሁ ሰዓቱ ይቆጠርባችኋል። የቤት ሥራ አትሠራላቸውም። «ለዚህ ፈተና አድርሽልኝ»፣ «ደረጃ ይውጣ» ለሚል ወላጅም ትዕግሥት የላትም። ወላጅ ከልጁ ጋር እንዲያነብ ታዛለች፤ ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ትጠይቃለች። ባለቤቴ እንደ ተማሪ ሲሸሻት አይቻለሁ።

ገንዘብ ላይ ግን ንጹሕ ሰው ናት። ትንሹ ማንበብ ሲችል «ከእንግዲህ ለእሱ አትክፈሉኝ፣ ራሱን ችሏል» ብላ አቆመች። እኛ እንድትቀጥል ብንለምናትም እሺ አላለችም። አሁን የምትመጣው ለትልቋ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀንሳዋለች።

መምህርዬ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ብዙ ልጅ አትይዝም፤ ስለዚህ ትምህርት ሳይጀመር ቀደም ብላችሁ አነጋግሯት። የልጆቻችሁን የድሮ ደብተሮችም ስትጠቀልሉ እንዳትጥሏቸው፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነሱን ነው።