የፍርድ ቤት ደንብ፦ ምክር ቤት ያውጣው ወይስ ዳኞች?

የአሜሪካ ግዛቶች በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም።

ምክር ቤት ሲያወጣው፦ የኒውዮርክ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ነው። ክርክሩ በአደባባይ ነው፤ ያወጣውም አካል ለመራጭ ይጠየቃል። ግን በሕጉ የተቀመጠውን የተከሳሽ መልስ ማቅረቢያ ጊዜ በአንድ ሳምንት ለማራዘም እንኳ ረቂቅ፣ ድምፅ፣ የገዥው ፊርማ ያስፈልጋል።

ዳኞች ሲያወጡት፦ ፈጣን ነው፤ ችሎት የሚውል ሰው ጉዳዩ የት እንደሚንጓተት ያውቃል። ኒውጀርሲ እ.ኤ.አ. በ1950 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ በምክር ቤት ሕግ እንደማይሻር ወሰነች። የወሰነው ራሱ ፍርድ ቤቱ መሆኑ ግን ትንሽ ያስፈግጋል።

ፍሎሪዳ መሀል ላይ ናት፦ ደንቡን ፍርድ ቤቱ ያወጣል፣ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሽራል።

ለቀነ ገደብና ለአቤቱታ አቀራረብ ዳኞች ይሻላሉ፤ መብት ለሚነካ ነገር ምክር ቤት። ረቂቁ ለአስተያየት ካልታተመ ግን ሁለቱም አያስተማምኑም።