ሐረጎ ላይ ውሃ ለምትለምኑ ባለ ዲኤክሶች

ይሄን የምጽፈው ኮምቦልቻ ያለ አንድ መካኒክን ለማመስገን ነው። "ስሜን እንዳትጽፉ" ስላለኝ አልጠቅስም። የሚፈልገው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ።

መኪናዬ በፈረንጅ 1982 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ከእኔ በፊት ስንት ባለቤት እንደፈራረቀባት ፈጣሪ ይወቀው። ኮምቦልቻ ውስጥ ስትውል እንከን የላትም። ወደ ደሴ ልውጣ ስል ግን ሐረጎ ዳገት ግማሽ ላይ የሙቀት ጌጁ ቀይ ይነካል፣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ቡልቅ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ጄሪካን ውሃ ሳልጭን ዳገቱን አልሞከርኩም። የመንገዱ ልጆች ገና ከሩቅ "ባለ ጄሪካኑ መጣ!" ይሉኝ ነበር።

ያላሠራሁት ነገር የለም። ራዲያተር ታጠበ። የውሃ ፓምፕ ተቀየረ፣ ቺንጊያም ተቀየረ። አንዱ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን) አውልቆ "ይሄ ለእኛ አገር አይሆንም" ብሎ ወረወረው። በመጨረሻ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ነው ተባለና ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ወርዶ ተላጨ። ስንት እንዳወጣሁ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነባለች። በሳምንቱ ሐረጎ ላይ ያው ፈላች።

ይሄ የማመሰግነው ልጅ ግን መፍቻ ሳያነሳ ጥያቄ ጀመረ። "ጋሼ፣ የት የት ላይ ነው የሚፈላብዎት? ሲያድር ውሃው ምን ያህል ይጎድላል?" የዘይት መለኪያውን መዝዞ አየ፣ ውሃ አልገባበትም። ሞተሩን አስነስቶ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ መኖር አለመኖሩን ተመለከተ፣ የለም። "ጓርኒሲዮኑ ደህና ይመስላል፣ ቴስታታውን አልነካም፣ ይልቅ አብረን እንውጣ" አለኝና ጎኔ ተቀመጠ።

ጌጁ ከፍ ማለት ሲጀምር አስቆመኝ። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ይዞ ጨመቀው። "ይያዙት እስቲ።" ልፍስፍስ ያለ ነው። "በዚህ ሙቀት እንደ ድንጋይ መጠንከር ነበረበት" አለ። ክዳኑን ልከፍት እጄን ስሰድ መታ አደረገኝ። "ፊትዎን ሊያቃጥልዎት!" መንገድ ዳር ቁጭ ብለን እስኪበርድ ጠበቅን።

ሲከፈት ጉዱ ታየ። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉ በአውራ ጣት ሲጫኑት አይመለስም። በቃ፣ ይቺው ክዳን ናት!

እንዲህ አስረዳኝ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ መቶን አይጠብቅም። ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑም እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። ክዳኑ ግፊት አምቆ ሲይዝ የሚፈላበት ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። የእኔ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚለቀው ውሃው እየፈላ በመትረፊያው ወደ ውጭ ይሄዳል። ታች ዳገት ስለሌለ ሞተሩ ያን ያህል አይግልም፤ እዚያ ለምን ደህና እንደምትሆን ያኔ ነው የገባኝ።

"0.9" የሚል የተጻፈበት (የሚይዘው ግፊት በባር ነው) አዲስ ክዳን ገጠመልኝ። ቴርሞስታትም መለሰላት፤ ያለ እሱ በደሴ የጠዋት ብርድ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል። የእጁን ዋጋ ስጠይቀው የጠራልኝ ሁለት ሰው ምሳ አያበላም።

እንከኑንም ልንገራችሁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሥራ ላይ ስልክ አያነሳም፣ አርብ ለጁምዓ ይዘጋል። ከቸኮላችሁ ትናደዳላችሁ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ደሴ ወጣሁ፣ ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። አንዷን ጄሪካን ባለቤቴ ወሰደቻት። ሌላዋን ቅዳሜ ዕለት ሐረጎ ላይ ኮፈን ከፍቶ ለቆመ ሰው ከነውሃዋ ሰጠሁት፣ የልጁንም ስልክ ጨምሬ።