ጉግል አናሊቲክስ የኦንላይን ማርኬቲንግ ቃላትን ለሚማር ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

የኦንላይን ማርኬቲንግን ቃላት ማወቅ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፊደል ተራ ከተደረደረ የቃላት መፍቻ ነው። እንዲህ ያለው መፍቻ «ትራፊክ ማለት ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚመጣው ጎብኚ ብዛት ነው» ብሎ ያልፋል፤ ያው ሰው ጠዋት በስልኩ፣ ማታ በኮምፒውተሩ ቢመጣ እንደ አንድ ይቆጠር ወይም እንደ ሁለት አይናገርም። በዚህ ግምገማ የምመለከተው ጉግል አናሊቲክስ የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ ለመመዝገብና ለመተንተን እንጂ ለማስተማር የተሠራ አገልግሎት አይደለም። ያም ሆኖ ቃላቱን ከነአቆጣጠራቸው ስለሚያሳይ ለጀማሪ ከብዙ የቃላት መፍቻዎች የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ትርጉሞቹ ግን የራሱ የአገልግሎቱ እንጂ የሁሉም እንዳልሆኑ ተማሪው ማወቅ ይኖርበታል።

አገልግሎቱ የተመሠረተው ኡርቺን በተባለ ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ ጉግል ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ከገዛ በኋላ በዚያው ዓመት በራሱ ስም ለሕዝብ አቅርቦታል። አሁን በሥራ ላይ ያለው ጂኤ4 የሚባለው ትውልድ ነው። መደበኛው እትም ክፍያ አይጠይቅም። ለተማሪ ትልቁ ጥቅሙ የማሳያ አካውንቱ ነው፤ የራሱ ድረ ገጽ የሌለው ሰው እንኳ በጉግል አካውንቱ ገብቶ ከኩባንያው የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ የተሰበሰበውን መረጃ ማገላበጥና አንድ ቃል የትኛውን ቁጥር እንደሚወክል በዓይኑ ማየት ይችላል።

መጀመሪያ መለየት የሚገባቸው «ዩዘር»፣ «ሴሽን» እና «ኢቨንት» ናቸው። ኢቨንት ጎብኚው የሚፈጽመው እያንዳንዱ ድርጊት ነው፦ ገጽ መክፈት፣ ወደ ታች መውረድ፣ ፋይል ማውረድ። ሴሽን በአንድ ጉብኝት ውስጥ የተፈጸሙትን ድርጊቶች የሚያቅፍ ሲሆን፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር ጎብኚው ለ30 ደቂቃ ምንም ሳያደርግ ሲቆይ ያበቃል። ዩዘር የሚለው ግን እንደ ስሙ ሰውን አይቆጥርም። ድረ ገጽ ላይ ቆጠራው በዋናነት የሚደገፈው በኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጹ በብራውዘሩ ውስጥ በሚያስቀምጠው ትንሽ መለያ ላይ ነው። ስለዚህ ኩኪውን ያጠፋ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ዩዘር ይሆናል፤ በሁለት መሣሪያዎች የሚጠቀምም በአካውንት ገብቶ ካልታወቀ በቀር ሁለት ሰው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

ትርጉም ምን ያህል ተንሸራታች እንደሆነ ከሁሉም በላይ የሚያሳየው «ባውንስ ሬት» ነው። እስከ 2023 ድረስ ያገለገለው የቀድሞው ትውልድ፣ ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ፣ ባውንስ የሚለው ጎብኚው አንድ ገጽ ብቻ ከፍቶ ሌላ የሚመዘገብ ድርጊት ሳይፈጽም የሄደበትን ሴሽን ነበር። በጂኤ4 ግን ባውንስ ሬት የ«ኢንጌጅመንት ሬት»፣ ማለትም ጎብኚው በእርግጥ የተሳተፈባቸው ሴሽኖች ድርሻ፣ ተቃራኒ ነው፤ አንድ ሴሽን ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ገጽ ከታየበት፣ ወይም የድረ ገጹ ባለቤት ቁልፍ ነው ብሎ የሰየመው ድርጊት ከተፈጸመበት ባውንስ አይባልም። አንድ አንባቢ ከፍለጋ ውጤት መጥቶ ረጅም ጽሑፍ ለስድስት ደቂቃ አንብቦ ቢወጣ፣ በቀድሞው ቆጠራ ባውንስ፣ በአሁኑ ደግሞ ጥሩ ጎብኚ ነው። የ2022ን ሪፖርት ከ2024ቱ ጎን አስቀምጦ «ባውንስ ሬታችን ቀነሰ» ብሎ የሚደሰት ሥራ አስኪያጅ የሚያየው የድረ ገጹን መሻሻል ላይሆን ይችላል፤ የተለወጠው መለኪያው ነውና። የዚህን ለውጥ ምክንያት የተረዳ ተማሪ ሌሎቹን ቃላት ለመረዳት ብዙ አይቸገርም ብዬ አምናለሁ።

«ኮንቨርዥን» የሚለውም ቃል ቦታውን ለቋል። ባለቤቱ የሚፈልገው ድርጊት፣ ግዢም ይሁን ምዝገባ፣ ከ2024 ጀምሮ በአናሊቲክስ ውስጥ «ኪ ኢቨንት» ይባላል፤ ኮንቨርዥን ከማስታወቂያ ጋር ለተያያዘው መለኪያ ተትቷል። ለውጡ ምክንያት ቢኖረውም ጀማሪን ግራ ማጋባቱ አይቀርም፤ ብዙ የቆዩ ማብራሪያዎች አሁንም በቀድሞው ስም ይጠሩታልና።

የጎብኚዎችን መምጫ የሚያሳየው ክፍል በአንጻሩ በጣም ግልጽ ነው። «ኦርጋኒክ ሰርች» ያለ ክፍያ ከፍለጋ ውጤት የመጣ፣ «ሪፈራል» ከሌላ ድረ ገጽ ሊንክ የመጣ ማለት ነው። «ዳይሬክት» ግን በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል፤ አድራሻውን ራሱ ጽፎ የገባውን ብቻ ሳይሆን መምጫው ያልታወቀውን ሁሉ፣ ለምሳሌ በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ወይም በፒዲኤፍ ውስጥ ያለ ሊንክ ተጭኖ የመጣውን ጭምር ሊይዝ ይችላል። መፍትሔው በሊንኩ መጨረሻ ላይ የሚጨመሩት ዩቲኤም የተባሉ መለያዎች ናቸው፤ ምንጩን፣ መንገዱንና የካምፔኑን (የማስታወቂያ ዘመቻውን) ስም ይናገራሉ። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን ስለሚለዩ የአጻጻፍ ወጥነት ከሌለ አንዱ ምንጭ በሪፖርቱ ላይ ሁለት ሆኖ ይወጣል።

አገልግሎቱ የሚደክመው በማስታወቂያ ቃላት በኩል ነው። ማስታወቂያ ስንት ጊዜ እንደቀረበ የሚናገረው «ኢምፕሬሽን»፣ ከቀረበው ስንቱ እንደተጫነ የሚያሳየው «ሲቲአር» እና ለአንድ ክሊክ የሚከፈለው «ሲፒሲ» መኖሪያቸው የማስታወቂያ መድረኮች ናቸው። አንድ ማስታወቂያ 1,000 ጊዜ ቀርቦ 20 ጊዜ ከተጫነ ሲቲአሩ 2 በመቶ ነው፤ እነዚያ 20 ክሊኮች ግን በአናሊቲክስ 20 ሴሽን ሆነው ላይታዩ ይችላሉ። ገጹ ሳይከፈት የተመለሰ፣ ወይም ክትትልን የሚከለክል ብራውዘር የሚጠቀም ሰው በአንዱ ተቆጥሮ በሌላው ይቀራል። የሁለቱን ቁጥር አለመግጠም ወዲያው ማጭበርበር ነው የሚሉ ደንበኞች የሚበዙት ይህን የሚያስረዳቸው ስለማያገኙ ይመስለኛል።

ማቶሞ የተባለው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ተመሳሳይ አገልግሎት ባውንስን ዛሬም የሚቆጥረው አንድ ገጽ ብቻ በታየበት ጉብኝት ነው። ስለዚህ በጂኤ4 የተማረ ሰው ጥቂት ጊዜ በማቶሞ ሪፖርቶች ላይ ቢያሳልፍ የትኛው ትርጉም የጋራ፣ የትኛው የጉግል ብቻ እንደሆነ ይለያል። በራሱ ድረ ገጽ ላይ ጂኤ4ን የሚተክል ደግሞ የመረጃ ማቆያ ጊዜውን በመጀመሪያው ቀን ከ2 ወር ወደ 14 ወር ቢያሳድግ ይሻለዋል፤ ያለዚያ በጥልቀት መመርመሪያው ክፍል ውስጥ ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ጋር ማነጻጸር አይችልም።