«ክፍሉን ለክቶ ራሱ ያስተካክላል» የተባለውን ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ወር 46 ሺህ ብር ከፍዬ አንድ ሳጥን ገዛሁ። የስቴሪዮውን ድምፅ ከክፍሉ ጋር ያስማማል ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። አያስማማም። ክፍሉን ጭራሽ አይሰማውም። ያው ዕቃ ዛሬም ቴሌግራም ላይ ሲሸጥ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ይህን ያህል ብር የሚያጠራቅመው ስንቱን ነገር ትቶ እንደሆነ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኔ 4 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ50 ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ስፒከሮቹ በረጅሙ ግድግዳ በኩል ቆመዋል። ሶፋው ከፊት ለፊታቸው ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። የብዙዎቻችን ሳሎን እንዲህ ነው። ቤዝ ጊታሩ ጂ የሚባለው ኖታ ላይ ሲደርስ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙ ይሳሳል። በዐቢይ ጾም በገና ስከፍት የወፍራሙ አውታር ድምፅ ሳሎኑን ይሞላና የደርዳሪውን ቃል ይውጠዋል። ለበገና ከቃሉ የሚበልጥ ምን አለ? እሱን አጥርቶ መስማት ነበር ምኞቴ።

ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። ድምፅ በቤት ሙቀት በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ ከርቀታቸው ጋር ልክ የሚገጥመው ድምፅ ያብጣል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ 343ን ለርቀቱ እጥፍ አካፍሉ። የኔ 3 ሜትር ከ50 እጥፉ 7 ነው። 343 ለ7 ሲካፈል 49 ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ 49 ንዝረት። የቤዝ ጊታር የታችኛው ጂ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። መስታወቱን የሚያርገበግበው ይኸው ነው። የአሜሪካ ቤት ግድግዳ ብዙውን ጊዜ በእንጨት ላይ የተመታ ጂፕሰም ቦርድ ስለሆነ ቤዙን በከፊል ያሳልፈዋል። የኛ ብሎኬትና ኮንክሪት ግን መልሶ ወደ ክፍሉ ይወረውረዋል። ስለዚህ ማስተካከያው ለኛ ቤት ቅንጦት አይደለም። ሻጮቹም ይህን ፍላጎት ያውቃሉ።

ሱቁ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። ሳጥኑ ጥቁር ነው፣ ፊቱ ላይ ባለቀለም መብራቶች እንደ አምድ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ቀጭን ገመድ ያላት ትንሽ ማይክ አለችው። ልጁ «ፋዘር፣ ይሄ ክፍልዎን ለክቶ ራሱ ያስተካክላል። አንዴ መጫን ብቻ ነው» አለኝ። ተጫነው። ስፒከሮቹ ሹ አሉ፣ አምዶቹ ተራወጡ፣ ከዚያ ቆሙ። ሙዚቃውን ሲከፍተው ድምፁ በእርግጥም ሞላ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት ድምፁ ከፍ ማለቱን ነው። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ ብዙውን ጊዜ የተሻለ አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «በፊት» እና «በኋላ» እያሉ ሲያሰሟችሁ መጀመሪያ ቮልዩሙ እኩል መሆኑን ተመልከቱ።

ቤት ወስጄ ሞከርኩት። መስታወቱ እንደ ድሮው ይርገበገባል። ሦስት ቀን ማይኩን እዚህም እዚያም እያስቀመጥኩ ደጋገምኩት። ለውጥ የለም።

በአራተኛው ቀን የሠርግ ሳውንድ የሚሠራ ጎረቤቴ መጣ። ዝም ብሎ አየው። ከዚያ የአምዶቹን አቀማመጥ በስልኩ ፎቶ አነሳና «ጋሼ፣ እስቲ ጋቢዎትን ይስጡኝ» አለኝ። ማይኩን በጋቢው ደራርቦ ጠቀለለና ከሶፋው ትራስ ሥር ወሸቀው። ተጫነው። ሹታው መጣ፣ አምዶቹ ተራወጡ፣ ቆሙ። ፎቶውን ከሳጥኑ አጠገብ ያዘና አንድ በአንድ አነጻጸርን። አንዱም አምድ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ማይኩን ጨርሶ ነቀለው። ደግሞ ተጫነው። ያው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቀድሞ የተሞላ አንድ ቅርፅ ብቻ ነው ያለው። ለእኔ ሳሎንም፣ ለእናንተም፣ ለስብሰባ አዳራሽም ያንኑ ይሰጣል።

እሺ፣ ተራ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በየአምዱ ለይቶ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ዕቃ) ነው ብለን እንኳ ብንቀበለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባለ 10 አምድ ነው። የታችኞቹ አምዶች 31፣ 63 እና 125 ኸርዝ ላይ ናቸው። የኔ ችግር 49 ላይ ነው፣ በ31 እና በ63 መካከል። 63ቱን ስቀንስ ጤነኛው ቤዝ አብሮ ይሄዳል፣ 49ኙ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚቀንሰው። ለክፍል ማስተካከያ የሚያስፈልገው ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ነው። በፓራሜትሪክ ቦታውን (የትኛው ኸርዝ እንደሆነ)፣ መጠኑን (በዴሲቤል፣ በድምፅ መጠን መለኪያው) እና ስፋቱን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። 49 ላይ ብቻ፣ ጠበብ አድርጎ፣ 8 ዴሲቤል ቀንስ ማለት ትችላላችሁ።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ችግሩ የክፍልዎ ነው» አሉኝ። ደረሰኙን ሳየው «ኢኳላይዘር» ብቻ ይላል። ይህ ነጥብ ክፉኛ ጎድቶኛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን በሐሰት ወይም በሚያሳስት ማስታወቂያ ማታለልን ይከለክላል። ግን ሻጩ በቃል ያለውን በምን አስረዳለሁ? እናንተ ደረሰኙ ላይ «ክፍሉን በማይክ ለክቶ ያስተካክላል» ብለው እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የቴሌግራሙን ማስታወቂያም ሳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጉት። አንጽፍም ካሉ ውጡ።

የጋቢው ሙከራ ሱቅ ውስጥም ይሠራል። ጋቢ ባይኖር ጃኬት ይበቃል። አንዴ አስለኩ፣ ውጤቱን ፎቶ አንሡ፣ ማይኩን ሸፍናችሁ ድገሙት። በእውነት የሚለካ ዕቃ ወይ ሌላ ውጤት ይሰጣል፣ ወይ «ድምፅ አልሰማሁም» ብሎ ይቆማል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ ሪሲቨሮች (ብዙ መሰኪያ ያላቸው የቤት አምፕሊፋየሮች) «ሩም ኮሬክሽን፣ ማለትም የክፍል ማስተካከያ አላቸው» ተብለው ይሸጣሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አላቸው። ዴነንና ማራንዝ ላይ ኦዲሲ የሚባለው አለ፣ ያማሃ ደግሞ የራሱ አለው። ግን ማይኩ የት አለ? አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ጋር ጠፍቷል። ሻጩ ከመሳቢያ ሌላ ማይክ አውጥቶ «ይሄም ይገባል» ይላችኋል። መግባቱስ ይገባል። ግን ሪሲቨሩ የሚያውቀው የራሱን ማይክ ጠባይ ነው። በሌላ ማይክ ሲለካ የማይኩን ጉድለት የክፍሉ ጉድለት አድርጎ ይወስደውና ደህናውን ድምፅ ያበላሸዋል። «ዲራክ ሬዲ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዲራክ የስዊድን ድርጅት የሠራው የክፍል ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ሬዲ» ማለት ፈቃዱ ተከፍሏል ማለት አይደለም። ዴነንና ማራንዝ ላይ ፈቃዱ ለብቻው ከ200 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው 120 ቮልት ይላል። በቀጥታ የኛ 220 ላይ ብትሰኩት ያን ቀን ይቃጠላል።

ስለ አገጣጠሙም አስቡ። ማስተካከያ ሳጥን የሚገባው በሙዚቃው ምንጭና በአምፕሊፋየሩ መካከል ነው። አምፕሊፋየራችሁ ሙዚቃውን በራሱ ብሉቱዝ የሚቀበል ከሆነና ፕሪ አውት (ድምፁን ወደ ሌላ ዕቃ የሚያወጣ መሰኪያ) ከሌለው ሳጥኑ የሚሰካበት ቦታ የለም። ዕቃው እውነተኛ ቢሆንም ብራችሁ ባከነ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይገዛ? የኔ መልስ መጀመሪያ ማይክ ነው፣ ሳጥኑ በኋላ። ሚኒ ዲ ኤስ ፒ የተባለ ድርጅት የሚያወጣው ዩሚክ 1 የሚባል የዩ ኤስ ቢ ማይክ አለ። ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ማይክ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ የዚያኑ ማይክ የልኬት ፋይል (የማይኩን ጉድለት ለፕሮግራሙ የሚነግር) ታወርዳላችሁ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን አስገብታችሁ ሞክሩት። ፋይሉ ካልመጣ አትግዙ። ርካሽ የሚመስሉ፣ በዩ ኤስ ቢ ሳይሆን ኤክስ ኤል አር በሚባለው የስቱዲዮ መሰኪያ የሚሰኩ መለኪያ ማይኮችም አሉ። እነሱ 48 ቮልት የሚሰጥ ሳውንድ ካርድ ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹም የየራሳቸው ፋይል የላቸውም። ሲደመር ርካሽ አይደሉም።

መለኪያ ፕሮግራሙ ነጻ ነው። ሩም ኢኪው ዊዛርድ ይባላል፣ በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። ማይኩን ሶፋው ላይ በጆሯችሁ ከፍታ ታቆሙታላችሁ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ድምፅ ያጫውታል፣ የክፍላችሁን መልክ በመስመር ይስልላችኋል። እኔ ማይኩን ከዘመድ አስመጥቼ ከጎረቤቴ ጋር ለካን። 49 ላይ 9 ዴሲቤል የሚሆን ጉብታ፣ በእጥፉ 98 ላይ ሌላ ጉብታ፣ 143 አካባቢ ደግሞ ጉድጓድ። መስመሩን ሳየው ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩትን ነገር በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

መጀመሪያ ምንም ሳንገዛ ሶፋውን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ሳብነው። 98 ላይ ያለው ጉብታ በግማሽ ወረደ። 49ኙ ብዙም አልተነቃነቀም፣ ማዕበሉ ረጅም ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር አይበቃውም። 143 ላይ ያለው ጉድጓድ የመጣው ስፒከሮቹ ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ስለራቁ ነው። ወደ ግድግዳው ስናስጠጋቸው ጉድጓዱ ወደ ላይ ሸሸ፣ ጠበበም። ጉድጓድን በኢኳላይዘር ለመሙላት አትሞክሩ፣ እባካችሁ። 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት አምፕሊፋየሩን አሥር እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። ባለ 50 ዋት አምፕ 500 ከየት ያመጣል? ጉብታ ይቀነሳል፣ ጉድጓድ በቦታ ለውጥ ይፈታል።

የቀረው 49 ብቻ ነበር። እኔ ሙዚቃ የማጫውተው ከላፕቶፕ ስለሆነ ኢኳላይዘር ኤ ፒ ኦ የሚባለውን ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም ጫንን። 49 ላይ 8 ዴሲቤል ቀነስን። አለቀ። ከማይኩ በቀር ምንም አላወጣሁም። ላፕቶፕ የማትጠቀሙ ከሆነ ዊም የሚባሉት ትንንሽ ማጫወቻዎች ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር አላቸው፣ በስልክ ማይክም ክፍል ይለካሉ። የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነውና ለወፍራሙ ቤዝ ብዙ አትመኑት። በዩሚክ ለክታችሁ ቁጥሩን በእጅ ብታስገቡ ይሻላል። ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ላለው ሰው ሚኒ ዲ ኤስ ፒ 2 በ4 ኤች ዲ የሚባለው ማስተካከያ ሳጥን ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ከ200 ዶላር ያልፋል። ክፍላችሁን ሳትለኩ አትግዙት።

አንድ ነገር ደግሞ በየትኛውም ሳጥን አይፈታም። ሳሎናችሁ መሃል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ትርርር» ብሎ ከቆየ ያ ማስተጋባት ነው። መድኃኒቱ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ነው።

ትናንት ማታ በገናውን ከፈትኩ። ወፍራሙ አውታር አለ፣ ቃሉም ይሰማል። መስታወቱ ዝም ብሏል።

ማይኩን አሁን ብዙ አልፈልገውም። ሰሚት አካባቢ ያላችሁና ሳጥን ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ሥር ጻፉልኝ፣ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ አውሳችኋለሁ። መለኪያ ፕሮግራሙን ላፕቶፓችሁ ላይ ቀድማችሁ ጫኑት። የማይኩን ፋይል በፍላሽ አብሬ እሰጣችኋለሁ።