የኮፈንና የባምፐር ቀለምን ከጠጠር የሚያድነው ፊልም፦ የኤክስፔል አልቲሜት ፕላስ ግምገማ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሚመላለስን መኪና ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የኮፈኑ አፍንጫ በነጠብጣብ ተበልቶ ያገኘዋል። ሥራው ከፊት የሚሄደው የአሸዋና የጠጠር ጫኝ ጎማ ያስፈነጠረው ደቃቅ ድንጋይ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ60 ቀለሙን ነክቶ የሚያልፈው ጠጠር በ120 እስከ ላሜራው ይፈነቅለዋል። ላሜራው አንዴ ከተጋለጠ፣ ክረምት ሲገባ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር እየተሳበ ይሰፋል።

ይህን ምት በእርግጥ የሚቀንሰው ፒፒኤፍ የሚባለው ግልጽ ፊልም ነው። አልቲሜት ፕላስ ከዚህ ዓይነት ሲሆን፣ የተሠራው ቲፒዩ ከሚባል እንደ ጎማ ከሚለጠጥ ፕላስቲክ ነው። ውፍረቱ ወደ 200 ማይክሮን፣ ማለትም ወደ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ይጠጋል። የፋብሪካ ቀለም ከሥረኛው ፕራይመር እስከ ላይኛው ግልጽ ሽፋን (ክሊር) አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ማይክሮን ስለሆነ፣ ፊልሙ ብቻውን ከቀለሙ ይወፍራል ማለት ነው። ጠጠሩ ሲያርፍበት ይሰረጉድና ጉልበቱን በትኖ ወደ ቦታው ይመለሳል። ላይኛው ሽፋኑ በእጥበት ጨርቅ የሚመጣውን ቀጫጭን ጭረት በፀሐይ ወይም በሙቅ ውኃ ራሱ ይደፍነዋል። በስለት የተቆረጠን ወይም ሹል ድንጋይ የበሳውን ግን አይደፍንም፤ እንዲህ ሲሆን ያንን ክፍል አንስቶ መቀየር ነው። የመኪናን መሰርጎድም አይከለክልም። የፋብሪካው ዋስትና 10 ዓመት ነው፤ የሚመለከተውም ቢጫ መሆንን፣ መሰንጠቅን፣ ማበጥንና መላቀቅን ነው።

ከዚህ ጋር እየተወዳደሩ የሚሸጡ ነገሮች አሉ። ሴራሚክ የሚባለው በፈሳሽ የሚቀባ ሽፋን ጥሩ ነገር ነው፤ ውኃ ያንሸራትታል፣ እጥበት ያቀላል። ግን ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ጠጠር አያቆምም። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 9ኤች የእርሳስ ጭረት መለኪያ እንጂ የድንጋይ ምት መለኪያ አይደለም። ከቆዳ መሰል ጨርቅ የሚሰፋው የፊት ጭንብል ጠጠሩን ይቀበላል። ነገር ግን አቧራ ከሥሩ ገብቶ በነፋስ ሲርገበገብ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጋዋል፤ ዝናብ ካረጠበው ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል። በኮፈን ጫፍ የሚታሰረው ጥቁር ፕላስቲክ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ይሸፍናል፤ ባምፐሩን አይነካም።

ፊልም ከመግዛት በፊት ግን ቀለሙን ማወቅ ይበልጣል። በአገራችን የሚሸጠው ብዙ ያገለገለ መኪና አንድ ጊዜ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) ነክቶታል፣ ተቀብቷልም። ፊልም የሚይዘው በሙጫ ስለሆነ፣ ከላሜራው ጋር በደንብ ያልተጣበቀ ቀለም አንድ ቀን ፊልሙ ሲነሳ አብሮት ተገሽልጦ ይመጣል። ለላሜራ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያስይዙ፦ ከ200 ማይክሮን በላይ ካነበበ ድጋሚ የተቀባ ነው ብለው ይጠርጥሩ፤ 500 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ እንዳለ ይገምቱ። ይህ መለኪያ በፕላስቲክ ባምፐር ላይ አይሠራም። እዚያ የሚረዳው የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ነው። በባምፐሩ ጠርዝና በጠጠር በተመታው ቦታ ላይ ለጥፈው ፈጠን አድርገው ይሳቡት። ቅርፊት ይዞ ከመጣ ባምፐሩ ተፍቆ፣ የፕላስቲክ ፕራይመር ገብቶበት እንደገና እስኪቀባ ድረስ ፊልም አይለጠፍበት።

አዲስ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 30 ቀን፣ በአየር ብቻ የደረቀ ከሆነ እስከ 90 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ ውስጥ የቀረው ቲነር መውጫ ሲያጣ ከፊልሙ ሥር አረፋ ይሠራል፤ ያ አረፋ በመጭመቅ አይወጣም። አሮጌ የጠጠር ምልክት ካለም ፊልሙ አይደብቀውም፤ እንዲያውም ጎልቶ ይታያል። ዝገቱ ተፍቆ፣ ቀለም ተነክቶ፣ ተስተካክሎ፣ ደርቆ ነው መሸፈን ያለበት።

በዚህ በኩል ዕድለኞቹ ያልተነካ የፋብሪካ ቀለም ይዘው አሁን የሚገቡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። እንደ ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉት ፊታቸው ሰፊ የአየር ማስገቢያ ስለሌለው፣ ድሮ ጠጠሩን ግሪሉ ይቀበልበት የነበረው ቦታ አሁን የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ለእነዚህ ባምፐሩ ከኮፈኑ እኩል ያስፈልገዋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የፓርኪንግ ሴንሰሮቹ በፊልም መሸፈን የለባቸውም፣ ዙሪያቸው ተቆርጦ ይተዋል። የመኪናው መመሪያ ከራዳሩ ፊት ምንም እንዳይለጠፍ ካለም ያንን ቦታ ይዝለሉት።

ፊልሙ 152 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ይመጣል። ሙሉ ኮፈን፣ ባምፐር፣ ሁለቱ ፓራፋንጎና ሁለቱ ስፖኪዮ ለመካከለኛ መኪና ከ4 እስከ 5 ሜትር ተኩል ይወስዳሉ። ዋጋ ለመቆጠብ የኮፈኑን የፊት 50 ሴንቲሜትር ብቻ የሚለጥፉ አሉ። እኛ አንመክረውም። በአዲስ አበባ አቧራ ያ መሐል ላይ የሚያልፈው ጠርዝ በሳምንታት ውስጥ ጥቁር መስመር ይይዛል፤ በነጭ መኪና ላይ ከሩቅ ይታያል። ገንዘብ ካጠረ ኮፈኑን ሙሉ አድርጎ ፓራፋንጎውን መተው ይሻላል። ከከተማ የማይወጣ መኪና ከሆነም ባምፐር፣ ስፖኪዮና የበር እጀታው ጎድጓዳ ይበቁታል።

አለጣጠፉ ላይ ነው ጥሩ ፊልም የሚበላሸው። መኪናው ይታጠባል፣ የተጣበቀ ብናኝ በመኪና ሸክላ ይነሳል፣ ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል፤ ሰም ወይም ሲሊኮን ከቀረ ሙጫው አይዝም። ወለሉ ውኃ ይረጫል፣ አቧራው እንዲተኛ። ፊልሙን ወደ ቦታው ማንሸራተቻው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ነው፤ ከበዛ ሙጫው ለቀናት አይጨብጥም። ጠርዝ ላይ ማጣበቂያው ከ10 እስከ 15 በመቶ አልኮል የገባበት ውኃ ነው። መጭመቂያው ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ጉዞ የፊተኛውን ግማሽ እየደረበ። የባምፐር ጥግ ላይ ፊልሙ ከልክ በላይ ከተለጠጠ ነጭ የመለጠጥ መስመር ይተዋል፤ በኋላም ራሱን ወደ ኋላ ስቦ ጠርዙን ያነሳል። ሲረከቡ የውኃ ከረጢት ቢያዩ አይደንግጡ፣ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ይደርቃል። የአየር አረፋና ከሥሩ የቀረ ፀጉር ግን ስለማይጠፉ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት እንዲስተካከሉ ያድርጉ።

አንድ ጥያቄ ለሠራተኛው ሁልጊዜ ያቅርቡ፦ የሚቆርጡት በፕሎተር (በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቁረጫ) ነው ወይስ መኪናው ላይ በምላጭ? በፕሎተር የተቆረጠው ከጠርዙ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍት ይተዋል፤ ግን ቀለሙን ስለት አይነካውም። በእጅ የሚቆረጠው ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፋል፣ አይታይም፣ ያምራል፤ የሠራተኛው እጅ ከከበደ ግን ክሊሩን ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል፣ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ መኪና ከሆነ፣ ለምሳሌ አይዲ 6፣ የራሱ ንድፍ በፕሎተሩ ውስጥ እንዳለ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። የሌላ ሞዴል ንድፍ የሴንሰር ቀዳዳዎቹን ያዛባል።

በገበያ ላይ ፒፒኤፍ ተብሎ የሚሸጥ ፒቪሲ የሚባል ሌላ ፕላስቲክም አለ። ቁራጭ ይጠይቁና በእጅ ይለጥጡት፦ ቲፒዩ ተስቦ ይመለሳል፣ ፒቪሲ ድርቅ ብሎ አይለጠጥም ወይም እንደተለጠጠ ይቀራል። ላይኛውን በነሐስ ብሩሽ ቀስ ብለው ይጫሩትና ሙቅ ውኃ ያፍስሱበት፤ ጭረቱ ካልጠፋ አይግዙት። ፒቪሲው በደጋ ፀሐይ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ በቅንጥብጣቢ ነው የሚነሳው።

ከተለጠፈ በኋላ ለ7 ቀን አይታጠብ። ከዚያ የግፊት ውኃው ከጠርዙ ራቅ ይበል፣ በቀጥታም ወደ ጠርዙ አይተኮስ። የወፍ ኩስና የሞቱ ነፍሳት ፀሐይ ሳያበስላቸው በእርጥብ ጨርቅ ይነሱ፣ ሽፋኑን ስለሚያቃጥሉት። አልቲሜት ፕላስ ውኃ በማንሸራተት የሚታወቅ አይደለም፤ ያንን ለሚፈልግ ለፊልም የሚሆን ሴራሚክ ከላዩ መቀባት ይቻላል። የማንሻው ጊዜ ሲደርስ ፊልሙ በሙቅ አየር ይለሰልሳል፤ ከዚያም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ራሱ ታጥፎ፣ ከላሜራው ጋር ተጠግቶ፣ በዝግታ ይሳባል። ሙጫ ከቀረ በአልኮል ይለቃል፤ ቲነር አይነካው።