የወርቅ ከተማ ወይስ የስንዴ መንደር?

በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ቤተሰብ ይዞ የት መኖር ይሻል ነበር?

ገንዘብ፦ የወርቅ ከተማዋ ካልጉርሊ ያለ የማዕድን ሠራተኛ ደሞዝ አለው። ስንዴ አምራቹ ብር የሚያየው አዝመራ ሲገባ ነው፤ እስከዚያ ከሱቅ በዱቤ።

ውሃ፦ ካልጉርሊ በ1903 ከፐርዝ አቅራቢያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተስቦ እስኪመጣ ድረስ ውሃ በውድ ይገዛ ነበር፤ ታይፎይዱማ አይጣል ነው። ስንዴ መንደር የጣሪያ ውሃ ይጠራቀማል፣ ዝናብ ከጠፋ አለቀ።

አደጋ፦ ካልጉርሊ የማዕድኑ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ይጨርሳል። ስንዴ መንደር ድርቅ፤ የ1914ቱ አዝመራውን ድራሹን አጠፋው።

ጉርብትና፦ እዚህ ላይ መንደሩ ይበልጣል ባይ ነኝ። የዳንስ ምሽት ሲኖር ሴቶቹ ኬክና ሳንዱች በሳህን ይዘው አዳራሽ ይመጣሉ፣ ሕፃናቱ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎላቸው ይተኛሉ፣ ጭፈራው ይቀጥላል።

እጁ ላይ ምንም ለሌለው ወጣት ካልጉርሊ። ልጆቹ ለሥራ ለደረሱለት አባወራ ስንዴው።